በፀሐይ ውኃ ያፈላው መምህር፤ የኦጉስተን ሙሾ ሕይወት

ከመካከላችን ስለ ፀሐይ ኃይል ያልተማረ የለም። ትምህርቱ ሲሰጥ ሰሌዳው ላይ አንድ ክብ ይሣላል፤ በክቡ ዙሪያ ጨረር ይሰመራል፤ ከሥሩም ጥቁር ነገር ሙቀትን ይመጥጣል፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ግን መልሶ ያንጸባርቃል የሚል ማስታወሻ ይጻፋል። ልጆቹ ይገለብጡታል፤ ለፈተናም ይሸመድዱታል። እውነተኛይቱ ፀሐይ ግን ከመስኮቱ ውጭ ሜዳውን ስታግለው ትውላለች፤ ወጥቶ የሚሞክራት የለም። ዛሬ የሕይወት ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ይህን ልማድ ገና ድሮ የጣሰ ነው። ሥራውን የጀመረው በአንደኛ ደረጃ አስተማሪነት ሲሆን፣ ኋላ በፀሐይ ላይ ድስት ጥዶ ሞተር እስከ ማንቀሳቀስ ደርሷል።

ስሙ ኦጉስተን ሙሾ ይባላል፤ ፈረንሣዊ ነው። ስሙ በእኛ ጆሮ ለቅሶ ቤትን ማስታወሱ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ምንም እንኳ መጨረሻው ሲታይ ሙሾ የሚያስወርድ ነገር ባይጠፋበትም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ሙሾ በቡርጎኝ ክፍለ ሀገር ሰሚዩር አን ኦክስዋ በምትባል ትንሽ ከተማ ኤፕሪል 7 ቀን 1825 ተወለደ። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበር። ብረት ሲሞረድና ሲታጠፍ እያየ ያደገ ልጅ፣ ኋላ መምህር ሆኖም በእጁ መሥራት ባያሳፍረው አይገርምም። ከ1845 እስከ 1849 ሞርቫን በሚባለው ኮረብታማና ደን በለበሰ አገር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ ሠራ። ሞርቫን ያን ጊዜ ለፓሪስ ከተማ ምድጃ ማገዶ የሚቆረጥበት ስፍራ ነበር፤ ግንዱ በወንዝ ላይ እየተንሳፈፈ ወደ ዋና ከተማይቱ ይወርድ ነበር። እንግዲህ ወጣቱ መምህር የነዳጅን ነገር ያየው በመጽሐፍ አይደለም ማለት ነው፤ ደኑ ሲቆረጥ በዐይኑ እያየ ነው ያስተማረው።

ከዚያም ወደ ዲዦን ተዛወረ። እያስተማረ ይማር ነበርና በ1852 በሒሳብ፣ በ1853 ደግሞ በፊዚክስ የምስክር ወረቀት አገኘ። በዚህም መሠረት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተሸጋግሮ አላንሶን በምትባል ከተማ የሒሳብ መምህር ሆነ። ቀን ሲያስተምር ውሎ ማታ ሻማ አብርቶ የሚያጠና መምህር እንግዳ አይደለም፤ በየትምህርት ቤቱ አለ። ሙሾን የለየው ሌላ ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1860 ገደማ የፈረንሣይ ፋብሪካዎች እየበዙ ሄዱ፤ የድንጋይ ከሰል ግን እንደ እንግሊዝ የተትረፈረፈ አልነበራቸውም። ሙሾ ይህን ሲያሰላስል፣ ከሰሉ አንድ ቀን ሲያልቅ ኢንዱስትሪው ከየት ኃይል ያመጣል? የሚል ጥያቄ ያዘው። መልሱን ሲፈልግም የቀደሙትን ሰዎች ሥራ አገላበጠ። ካነበባቸው አንዱ የጄኔቫው ሊቅ ኦራስ ቤነዲክት ደ ሶስዩር ነው። ሶስዩር በ1767 ከመስተዋት የተሠሩ አምስት ሣጥኖችን አንዱን በሌላው ውስጥ ከትቶ በጥቁር ጠረጴዛ ላይ ፀሐይ አሙቋቸው ነበር። በመጨረሻው ውስጠኛ ሣጥን ውስጥ ሙቀቱ 87 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለፈ። ኋላም ውስጡ ጥቁር ከሆነ የእንጨት ሣጥንና ከሦስት መስተዋት 109 ዲግሪ አግኝቷል። ያለ እሳት፣ ያለ ክብሪት! ሁለተኛው ደግሞ ክሎድ ፑዬ የሚባለው ፈረንሣዊ ነው፤ እርሱም በ1830ዎቹ መጨረሻ ከፀሐይ ወደ ምድር የሚደርሰውን ሙቀት መጠን የለካ ነው።

የሶስዩር ሣጥን ምሥጢር አስቸጋሪ አይደለም። የፀሐይ ብርሃን መስተዋቱን አልፎ ይገባል። ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ብርሃኑን መጥጦ ይሞቃል። የሞቀው ነገር ደግሞ በተራው የማይታይ የሙቀት ጨረር ይለቃል፤ ይኼኛው ጨረር ግን እንደ ብርሃኑ በቀላሉ መስተዋቱን አያልፍም። ነፋስም ገብቶ የሞቀውን አየር አይወስደውም። ስለዚህ ሙቀቱ ገብቶ የቀረ እንግዳ ይሆናል። ችግሩ ግን ሣጥኑ ብቻውን ሲሆን አዝጋሚ መሆኑ ነው። ውኃ ለማፍላትና ሞተር ለማዞር ብዙ ቦታ ይፈልጋል።

ሙሾ ምን አደረገ? ውጭውን በጥቁር የተቀባ የብረት ዕቃ ውኃ ሞላና በመስተዋት ሸፈነው። ቀጥሎም ከጎኑ የሚያብረቀርቅ አንጸባራቂ አቁሞ ዕቃው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን አበዛው። እንግዲህ ጥቁር ቀለም፣ መስተዋት፣ አንጸባራቂ፤ ከሦስቱ አንዱም የእርሱ ግኝት አይደለም። ጥቁሩን ማንም ያውቀዋል፤ መስተዋቱ የሶስዩር ነው፤ በአንጸባራቂ ማቃጠል ደግሞ ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ሲወራ የኖረ ነው። ሦስቱን አንድ ላይ አጋብቶ ውኃው እስኪፈላ የሞከረው ግን እርሱ ነው። በ1861ም ለሥራው የፈጠራ መብት አወጣ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ላቦራቶሪ አልነበረውም፤ የሚከፈለው የመምህር ደመወዝ ነበር፤ ሙከራውም ከክፍለ ጊዜው በተረፈው ሰዓት የሚሠራ ነበር።

አላንሶንን በ1862 ከለቀቀ በኋላ በሬን አስተምሮ በ1864 ወደ ቱር ከተማ ሊሴ ገባ። በ1866 ሥራውን ለንጉሠ ነገሥቱ ለናፖሊዮን ሣልሳዊ በፓሪስ አሳየ። በ1869 ደግሞ ስለ ፀሐይ ሙቀትና ስለ ኢንዱስትሪ ጥቅሙ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ደህና ጉዞ ጀመረ ሲባል በ1870 የፈረንሣይና የፕሩሲያ ጦርነት ፈነዳ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተማረከ፤ ፓሪስም ተከበበች። እዚያ ለሕዝብ ይታይ የነበረው የሙሾ መሣሪያ በዚያ ግርግር የደረሰበት ሳይታወቅ ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃኛል ይል ነበር።

ሙሾ ግን በቱር እንደገና ጀመረ። አውራጃው ምክር ቤት ጥቂት ገንዘብ ረዳውና ከቀድሞው የሚበልጥ መሣሪያ ሠራ። ይኼኛው መሣሪያ ጥሩ አድርጎ መታየት የሚገባው ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

አንጸባራቂው የተገለበጠ ትልቅ የመብራት ሼድ ይመስላል፤ በሒሳብ ቋንቋ ጫፉ የተቆረጠ ሾጣጣ ማለት ነው። አፉ 2.60 ሜትር ስፋት አለው። ውስጡ ብር በተለበጠ መዳብ ተሸፍኗል። መካከሉ ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው በጥቁር የተቀባ የመዳብ ማፍያ ቆሟል፤ ማፍያውም እንደ ፋኖስ በመስተዋት ተከድኗል። ሜይ 8 ቀን 1875 ሰማዩ ጠርቶ ነበርና ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል 20 ዲግሪ የነበረ 20 ሊትር ውኃ ተጨመረበት። በ40 ደቂቃ ውስጥ 121 ዲግሪ የደረሰና የ2 አትሞስፌር ግፊት ያለው እንፋሎት ሰጠ። ቀጥሎም ግፊቱ ወደ 5 አትሞስፌር ወጣ። ይህ ሁሉ አንድ እንጨት ሳይነድ ነው እንግዲህ።

ታዲያ ለምን ሾጣጣ? ጎድጎድ ያለው የፓራቦላ መስተዋት ብርሃኑን አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስባል፤ ነገር ግን ለመሥራት ከባድ ነው፤ ዋጋውም ውድ ነው። ሾጣጣ ግን ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ተጠቅልሎ ይሠራል። ግድግዳው ከመካከለኛው መስመር 45 ዲግሪ ያዘነበለ እንደሆነ፣ ቀጥ ብሎ የሚገባው ጨረር ግድግዳውን ሲመታ ወደ ጎን ታጥፎ በቀጥታ ወደ መካከለኛው መስመር ይሄዳል። ስለዚህ ሙቀቱ የሚሰበሰበው በአንድ ነጥብ ሳይሆን በመስመር ላይ ነው። ማፍያው ቀጠን ብሎ የረዘመው በዚሁ ምክንያት ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም። የቁልፍ ሠሪው ልጅና የሒሳብ መምህሩ እዚህች ላይ ተገናኙ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ዕጩ መምህራን ሆይ፣ ይህን ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል ልጆች ማሠራት ይቻላል። መጀመሪያ እኩል የሆኑ ሁለት የቲማቲም ጣሳዎች ውሰዱ፤ አንዱን በኩራዝ ጥላሸት አጥቁሩት፤ እኩል ውኃ ጨምራችሁ ፀሐይ ላይ አቁሟቸው። ልጆቹ በየ10 ደቂቃው በቴርሞሜትር ይለኩ፤ ቴርሞሜትር ከሌለ ጣታቸው አለ። ቀጥሎ ሁለት የጠቆሩ ጣሳዎችን አወዳድሩ፤ አንዱን እንዲሁ ተዉት፣ ሌላውን አፉ ሰፊ በሆነ የብርጭቆ ማሰሮ ክደኑት። በመጨረሻ ሾጣጣውን ሥሩ። ከካርቶን 40 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ ቁረጡ፤ ከክቡ ላይ 105 ዲግሪ ቆርጣችሁ አውጡ፤ የቀረውን 255 ዲግሪ ጠቅልላችሁ ዳርና ዳሩን ስታያይዙት የሙሾ 45 ዲግሪ ይመጣል፤ አፉም 57 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። ውስጡን የብስኩት መጠቅለያ የሚያብረቀርቅ ገጹን አውጥታችሁ ለጥፉበት። ጫፉን ቆርጣችሁ የጠቆረውን ጣሳ መካከል ላይ አቁሙ፤ ጣሳው ረዘም ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ለምን ብለው ልጆቹ ራሳቸው ይድረሱበት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንዳይዘነጋ። አንደኛ፣ ልጆቹ ፀሐይን ወይም የሾጣጣውን ውስጥ ትኩር ብለው እንዳያዩ፤ ዐይን ይጎዳል። ሾጣጣው ፀሐይን በትክክል መግጠሙን ለማወቅ ወደ ላይ ማየትም አያስፈልግም። አፉ ዳር ላይ ከአፉ ጋር ቀጥ ያለ ስንጥር ትከሉ፤ የስንጥሩ ጥላ ሲጠፋ ገጥሟል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ፀሐይ ትሄዳለች። 360 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 15 ዲግሪ ይሆናል። የሙሾም መሣሪያ የሚዞረው በዚሁ ልክ ነበር። ቱር ከምድር ወገብ በጣም የራቀች ስለሆነች አንጸባራቂው ምንጊዜም ወደ ደቡብ አዘንብሎ ነበር የሚቆመው፤ በእኛ አገር ግን ቀትር ላይ ሾጣጣው ወደ ሰማይ አንጋጥጦ ይቆማል ማለት ይቻላል። አንዱን ሙከራ ለሣይንስ፣ ለሒሳብና ለጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ማዋል የሚቻል መሆኑን አያችሁ?

ዛሬ በየገበያው የፀሐይ ብርሃን ተቀብሎ መብራት የሚያበራ ሶላር ሞልቷል። ጥሩ ነገር ነው፤ ለማስተማሪያ ግን እኔ ጣሳውን አስቀድማለሁ። ልጁ ሶላሩን ቢያየው አንድ የተዘጋ ሰሌዳና ሽቦ ነው የሚያየው፤ አምፖሉ ለምን እንደበራ አይገለጽለትም። ጣሳው ግን ምንም የሚደብቀው የለም።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በ1877 የፈረንሣይ መንግሥት ሙሾን ገንዘብ ሰጥቶ ወደ አልጄሪያ ላከው። አልጄሪያ ያን ጊዜ የፈረንሣይ ቅኝ ግዛት ነበረች። ፀሐይ እንደ ልብ ናት፤ ነዳጅ ግን ከባሕር ማዶ በውድ ዋጋ ይመጣል። እርሱም እዚያ በፀሐይ የሚያበስሉ ትናንሽ ምድጃዎችንና ማፍያዎችን ሲሞክር ቆየና ለ1878ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተመለሰ።

በኤግዚቢሽኑ ላይ ረዳቱ ከነበረው ከአቤል ፒፍር ጋር ሆኖ 20 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው አንጸባራቂ አቆመ። ከትናንሾቹ ምድጃዎች አንዱ ግማሽ ኪሎ የበሬ ሥጋ በ22 ደቂቃ ጠበሰ። ትልቁ መሣሪያ የውኃ ፓምፕ አንቀሳቀሰ። ሕዝቡን አፍ ያስያዘው ግን በፀሐይ ሙቀት በረዶ መሠራቱ ነው። እንዴት ሆኖ? ሥራው ምትሐት አይደለም። አሞኒያ የሟሟበት ውኃ ሲሞቅ አሞኒያው ተንኖ ይወጣል፤ በሌላ ዕቃ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ይሆናል፤ ያ ፈሳሽ እንደገና ሲተን ደግሞ በዙሪያው ካለው ነገር ሙቀት ይስባል፤ በአጠገቡ ያለው ውኃ ይረጋል። መብራት በሌለባቸው ጤና ጣቢያዎች ክትባት ያቆዩ የነበሩት የላምባ ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው፤ እሳት ነድዶ ቅዝቃዜ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም። ሙሾ የኤግዚቢሽኑን የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። የሞርቫን አንደኛ ደረጃ አስተማሪ የደረሰበት ከፍተኛው ቦታ ይህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ መጣ። ከ1860 ጀምሮ ፈረንሣይ ከእንግሊዝ ጋር የንግድ ውል ነበራት፤ የእንግሊዝ ከሰል በርካሽ ይገባል፤ የባቡር ሐዲዱም እየተስፋፋ ከሰሉን በየስፍራው ያደርሳል። መንግሥትም የሙሾን መሣሪያ የሚመረምሩ ሁለት ኮሚሽኖች አቋቁሞ፣ አንዱ በሞንፔልዬ ሌላው በአልጄሪያዋ ቆንስጣንጢን እንዲሞክሩት አደረገ። የምርመራው ፍሬ ነገር መሣሪያው ይሠራል፣ ነገር ግን አያዋጣም የሚል ሆነ። ደመና ሲመጣ ይቆማል፤ ብር የተለበጠው መዳብ ውድ ነው፤ ገጹም እየወየበ ሁልጊዜ መወልወል ይፈልጋል። ኮሚሽኖቹ ሒሳቡን ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም፤ ያን ዓመት ከሰል ርካሽ ነበርና። ግን እኮ የሠሩት የዚያን ዓመት ሒሳብ ነው። ሙሾ ይጠይቅ የነበረው ደግሞ ከሰሉ ያለቀ ጊዜ ምን ይሆናል ብሎ ነው። ሁለቱ የተለያየ ጥያቄ ነው የመለሱት። ከአልጄሪያ ጎረቤት በሆነችው በሞሮኮ፣ ዋርዛዛት አጠገብ፣ ከ2016 ጀምሮ በረድፍ የተደረደሩ አንጸባራቂዎች የፀሐይን ሙቀት ሰብስበው በእንፋሎት ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ።

ረዳቱ ፒፍር ግን ወዲያው ተስፋ አልቆረጠም። ኦገስት 6 ቀን 1882 በፓሪስ ቱይለሪ የአትክልት ቦታ 3.50 ሜትር ስፋት ያለው አንጸባራቂ አቁሞ የማተሚያ መኪና አንቀሳቀሰበት። ፀሐይዋ ያን ቀን ብርቱ አልነበረችም፤ እንደዚያም ሆኖ መኪናው በሰዓት 500 ቅጂ ያህል ጋዜጣ እያተመ ዋለ። የጋዜጣው ስም በግርድፉ የፀሐይ ጋዜጣ እንደ ማለት ነው። በእጅ ጽሑፍ የሚዘጋጀው የእኛ የግድግዳ ጋዜጣ ቢቀናበት አይፈረድበትም።

ሙሾ ከፀሐይ ሥራው ርቆ ወደ ሒሳቡ ተመለሰ። ቀድሞም በ1876 የዴካርትን ዘዴ ስለ ማስፋፋት የሒሳብ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በ1891ና በ1892 የፈረንሣይ የሣይንስ አካዳሚ ሽልማት ሰጠው። ሽልማቱ ግን ኑሮውን አላቀናለትም። ያስተማራቸው ልጆች አድገው፣ መሣሪያዎቹም ተረስተው፣ ሙሾ በፓሪስ በድህነት ኖሮ ኦክቶበር 4 ቀን 1912 በ87 ዓመቱ ሞተ።

በሚቀጥለው ዓመት በ1913 ፍራንክ ሹማን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ከካይሮ አጠገብ ማዓዲ በሚባለው ስፍራ አምስት ረጃጅም አንጸባራቂ ገንዳዎች ዘረጋ፤ እያንዳንዱ 60 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። በገንዳዎቹ መካከል የተዘረጉት ማፍያዎች ጠቁረው በመስተዋት ተሸፍነው ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ውኃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ፓምፑን ያንቀሳቅሳል፣ ፓምፑም የዓባይን ውኃ ወደ ጥጥ እርሻ ያወጣል። ያ ውኃ ከየት ተነሥቶ እዚያ እንደሚደርስ ለእናንተ አይነገርም። በ1914 ጦርነት ሲነሣ መሐንዲሶቹ ወደየአገራቸው ተበተኑ፤ የማዓዲው ሥራም በዚያው ቆመ።